ከቀለሙ በታች ያለው ጂፕ

እንደምን አመሻችሁ።

አሮጌ ጂፕ ሊገዛ የተነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞተሩ ይነሣል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ጥያቄ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ስለዚህ አዲስ ባትሪ አስሮ፣ ካርቡሬተሩን አጥቦ፣ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ይጠብቃል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይነሣል፤ ገዢው ልቡ ይደነግጣል፤ ገንዘቡ ይቆጠራል። የወለሉ ምንጣፍ የሚነሣው ጂፑ ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ ከምንጣፉ ሥር ወለል ያልነበረ መሆኑም የሚታወቀው ያኔ ነው።

ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። የአሮጌ ጂፕ ዋጋ ያለው ብረቱ ላይና ማንነቱ ላይ ነው። ብረት ስል ሻንሲውን፣ ማለትም ሞተሩና ጎማዎቹ የሚታሰሩበትን የብረት አጽም፣ እና ቦዲውን ማለቴ ነው። ማንነት ስል ደግሞ መኪናው ከየትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዘመን፣ ምን ምን ይዞ እንደ ወጣ የሚመሰክሩትን ምልክቶች ማለቴ ነው። ሞተር ይጠገናል፤ ካልሆነም ሌላ ይፈለጋል። ካምቢዮም፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑም፣ እንደዚሁ። የተፋቀ ቁጥር፣ የተጣለ የፋብሪካ ብሎን፣ በመፋቂያ ማሽን የጠፋ የመጀመሪያ ቀለም ግን የቱንም ያህል ገንዘብ ቢኖራችሁ አይመለስም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊትም ሆነ ማደስ ስትጀምሩ ሥራችሁ መፍታት ሳይሆን ማንበብ ነው።

ለማንበብ ደግሞ መነሻውን ማወቅ ያስፈልጋል። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በ1940 አጋማሽ የአሜሪካ ጦር ለ135 ኩባንያዎች ደብዳቤ ጻፈ። የፈለገው በአራቱም ጎማዎቹ የሚነዳ፣ ክብደቱ ከ590 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ትንሽ የቅኝት መኪና ነበር። የመጀመሪያውን ናሙና ሠርቶ ለማስረከብ የተሰጠው ጊዜ 49 ቀን ብቻ ነው። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ በበትለር ከተማ የነበረው ትንሹ የባንታም ኩባንያ ግን ካርል ፕሮብስት የተባለ መሐንዲስ ጠራ፤ ፕሮብስትም ንድፉን በሁለት ቀን ገደማ አውጥቶ ጨረሰ። ናሙናው በሴፕቴምበር 23 ቀን 1940 በሜሪላንድ ወደሚገኘው የጦሩ መፈተኛ ካምፕ ሆላበርድ ደረሰ።

ሁለት ቀን እንዴት በቃው? ፕሮብስት ገበያ ላይ ከነበሩት ዕቃዎች መርጦ ስለ ሠራ ነው። አክስሎቹን ከስፓይሰር፣ ካምቢዮውን ከዋርነር፣ ሞተሩን ከኮንቲኔንታል ወሰደ። ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ጂፕ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ከሚገኙ ክፍሎች የተገጣጠመ፣ ክፍሎቹ ተፈትተው የሚለወጡለት መኪና ነው። ከ80 ዓመት በኋላ አንድ ሰው በራሱ ግቢ ውስጥ ሊያድሰው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጦሩ የባንታምን ሥራ ዊሊስ-ኦቨርላንድና ፎርድ እንዲያዩት ፈቀደ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ናሙና ይዘው መጡ። 590 ኪሎ ግራም የሚለው ገደብ የማይቻል መሆኑ ቶሎ ስለ ታወቀ ወደ 980 ኪሎ ግራም ገደማ ከፍ ተደረገ፤ የዊሊስ ናሙና ግን ከዚያም ይከብድ ነበር። የዊሊስ ዋና መሐንዲስ ዴልማር ሩስ በእጁ የነበረውን ጠንካራ ሞተር ለመተው አልፈለገም። ስለዚህ መኪናውን ፈታትቶ ከየክፍሉ ላይ ክብደት እየቀነሰ ከገደቡ በታች አወረደው። ያ ሞተር 2.2 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ቫልቮቹ በጎን የተደረደሩ፣ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። በ1941 ዊሊስ ውሉን አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፎርድ የዊሊስን ንድፍ ይዞ ዕቃው እርስ በርስ የሚለዋወጥ መኪና እንዲሠራ ታዘዘ። የዊሊሱ ኤም ቢ፣ የፎርዱ ጂ ፒ ደብሊው ተባሉ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ሁለቱ ፋብሪካዎች በድምሩ ከ600 ሺህ በላይ ሠርተዋል። የመጀመሪያውን መኪና የሠራው ባንታም ግን ትልቁን ትእዛዝ ሳያገኝ ቀረ። እኔን እስከ ዛሬ ቅር የሚለኝ ነገር ነው፤ የባንታም መኪና በየትም ቦታ ቆሞ ባየሁ ቁጥር ቀረብ ብዬ ሳላየው አላልፍም።

ከጦርነቱ በኋላ ዊሊስ ይህንኑ መኪና ለገበሬና ለሠራተኛ አቀረበው። ሲ ጄ 2 ኤ ከ1945 እስከ 1949 ተሠራ። ከጦሩ ጂፕ የሚለየው ፊት ለፊት ሲያዩት ነው። የጦሩ የፊት ፍርግርግ ዘጠኝ ቀዳዳ ነበረው፤ የሲቪሉ ሰባት ቀዳዳና ተለቅ ያሉ መብራቶች አሉት። ከኋላ የሚከፈት በር ያለው ሲሆን ትርፍ ጎማው በጎን ተሰቅሏል። ቀጥሎ የመጣው ሲ ጄ 3 ኤ የፊት መስታወቱ አንድ ወጥ ሆነ። በ1953 ሲ ጄ 3 ቢ ሲመጣ የሞተሩ ማስገቢያ ቫልቮች ወደ ላይ ስለ ወጡ ሞተሩ ረዘመ፤ ኮፋኖውም አብሮ ከፍ አለ። ያንን ከፍ ያለ ኮፋኖ አንዳንዱ ሰው መልከ ጥፉ ይለዋል። እኔ እወደዋለሁ፤ ከሥሩ ያለው ሞተር 75 የፈረስ ጉልበት ያለው ታታሪ ሞተር ነው። በጦሩ በኩል ኤም 38 በ24 ቮልት ኤሌክትሪክ መጣ፤ ከዚያም ክብ የጎማ መሸፈኛ (ፓራፋንጎ) ያለው ኤም 38 ኤ 1፤ ከእርሱም ሲ ጄ 5 ተወለደ። ሲ ጄ 5 እስከ 1983 ድረስ ተሠርቷል።

የትኛውን ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ጀማሪ መልሴ አንድ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ የሲቪል ጂፕ ግዛ። የጦርነት ዘመኑ ኤም ቢ ውድ ነው። ከመግዣው ዋጋ በላይ ደግሞ የሚያስወጣው ጥቃቅኑ ዕቃ ነው፤ የመስታወቱ መያዣ፣ የመብራቱ መቀየሪያ፣ የአካፋው ማሰሪያ ሁሉ በትክክለኛው ዓይነት ካልተገኘ ሰው ዕረፍት አያገኝም። ሲ ጄ 2 ኤ እና 3 ኤ ግን ሞተራቸው የዚያው ቤተሰብ ነው፤ አሠራራቸውን ስትማሩ ኤም ቢውንም ተምራችኋል። ሲቪሎቹ ደግሞ የእርሻ ሕይወት ያሳለፉ ናቸው። አንዳንዱ ማረሻ ጎትቷል፤ አንዳንዱ በኋላው ባለው የኃይል ማውጫ ውሃ ስቧል። ይህ ታሪክ ከጦር ሜዳ ታሪክ ያነሰ አይመስለኝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። ኤም 151 የሚባለው የኋለኛው ዘመን የጦር ጂፕ የተለየ ፍጥረት ነው። ሻንሲና ቦዲው አንድ ላይ የተሠራ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የኋላ እግራቸው በኩርባ ላይ በድንገት የሚታጠፍበት ባሕርይ ነበራቸው፤ ይገለበጡ ነበር። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ብዙዎቹን ለሽያጭ ያቀረበው ቆራርጦ ነው። ስለዚህ ኤም 151 ሊሸጥላችሁ ሲቀርብ ተጋድማችሁ ከሥሩ ግቡና ቦዲው በመሐሉ ተቆርጦ እንደገና የተበየደ መሆን አለመሆኑን እዩ። የብየዳው መስመር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ተሻግሮ ካያችሁ፣ የበየደው ሰው ማን እንደ ነበረና እንዴት እንደ በየደው ሳታውቁ ቤተሰባችሁን አታሳፍሩበት።

አሁን ወደ ማንበቡ እንምጣ። አንድ ኤም ቢ ወይም ጂ ፒ ደብሊው ነው የተባለ ጂፕ ፊታችሁ ቆሟል እንበል። ኮፋኖውን አትክፈቱ። ተንበርከኩና በፓራውልቱና በራዲያተሩ መካከል ያለውን፣ ሁለቱን የሻንሲ እጆች የሚያገናኘውን የፊት ማገር እዩ። ክብ ቱቦ ከሆነ ሻንሲው የዊሊስ ነው። አፉን ወደ ታች የደፋ፣ ከላሜራ የታጠፈ ማዕዘናማ ማገር ከሆነ የፎርድ ነው። ይህ ከሁሉ የሚቀድም ምስክር ነው፤ ምክንያቱም ይህን ማገር ለማጭበርበር ብሎ መለወጥ ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ቁጥሩ ነው። ዊሊስ ቁጥሩን በትንሽ ሰሌዳ ላይ አድርጎ በግራው የሻንሲ እጅ ውስጠኛ ፊት፣ ወደ ፊት በኩል በሪቬት ሰካው። ፎርድ ግን በቀጥታ በግራው የሻንሲ እጅ የላይኛ ፊት ላይ ቀጠቀጠው። ፎርድ ሞተሩንና ሻንሲውን በአንድ ቁጥር ነው ያወጣው፤ የዊሊስ ሞተር ግን የራሱ የተለየ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ለመግለጥ በሽቦ ቡሩሽ አትግፉ። ቅባቱን በናፍጣ አርጥቡት፣ በጨርቅ አንሡት፣ ከዚያ ከጎን በባትሪ መብራት አብሩበት። ጥላው ራሱ ቁጥሩን ያወጣላችኋል። ዙሪያው ከተቀረው ሻንሲ ይልቅ የለሰለሰ ወይም የሰረጎደ ከሆነ የተፋቀ ቁጥር አጋጥሟችኋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጂፕ ላይ ዋጋ መደራደር አያስፈልግም፤ ትቶ መሄድ ነው። ከቁጥሩ ጋር የማይገጥም የባለቤትነት ሰነድ ያለው ጂፕም እንደዚያው ነው።

በዳሽቦርዱ ላይ ባለው የዕቃ ሳጥን ክዳን ላይ የሚታዩት ሰሌዳዎች ግን ምስክር አይደሉም። መለያ ቁጥሩንና መኪናው የተረከበበትን ቀን ይናገራሉ፤ ነገር ግን አዲስ ቅጂያቸው በየመለዋወጫ ሻጩ ይገኛል። ሰሌዳው የሚናገረውን ስሙ፤ ሻንሲው የሚናገረውን እመኑ።

ከዚያ የፎርድ ፊደል አለ። ፎርድ በጂ ፒ ደብሊው ላይ የሠራቸውን እጅግ ብዙ ክፍሎች፣ የብሎኖቹን ራስ ሳይቀር፣ በራሱ የስም መነሻ ፊደል ምልክት አድርጎባቸዋል። የሌላ ሰው ንድፍ ሲሠራ እንኳ ምልክቱን አልተወም። ይህን ፊደል ከጭቃና ከቅባት ሥር እየፈለጉ ማግኘት ከዚህ ሥራ ደስታዎች ሁሉ ለእኔ የመጀመሪያው ነው። አንድ ተራ የፓራፋንጎ ብሎን በጣታችሁ ጠርጋችሁ ያቺ ፊደል ስትወጣ፣ ያ ብሎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው እንደ ነበረ ትገምታላችሁ። ስለዚህ ከጂ ፒ ደብሊው ላይ የወጣ የዛገ ብሎን አይጣልም። በሚገባ ይጸዳል፣ ይቀባል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። አዲስ ብሎን ርካሽ መሆኑ ለመጣል ምክንያት አይሆንም።

በቦዲው ብቻ ግን አትፍረዱ። ከ1944 መጀመሪያ ጀምሮ አሜሪካን ሴንትራል የተባለው ኩባንያ ለሁለቱም ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ቦዲ ይሠራ ነበር። ከዚህም በላይ የጦሩ የጥገና ማዕከሎች የሚጠግኑትን ጂፕ ሁሉ ክፍሉን እያደባለቁ ነው የመለሱት፤ የዊሊስ ሻንሲ ላይ የፎርድ ሞተር፣ የፎርድ ሻንሲ ላይ የዊሊስ ቦዲ። አንዳንድ ሰብሳቢ ይህን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እኔ አልስማማም። ዕቃው እንዲለዋወጥ ተብሎ የተሠራ መኪና ዕቃው ተለዋውጦ ሲገኝ ታሪኩን ኖረ እንጂ አልተበላሸም። ሻጩ ድብልቁን ድብልቅ ብሎ እስከ ነገራችሁና ዋጋውም ያንን እስከ ተከተለ ድረስ ግዙት።

ወደ ብረቱ ልግባ፤ ገንዘብ የሚጠፋውም የሚተርፈውም እዚህ ነው። ከጂፑ ወለል ሥር ወለሉን የሚያጠነክሩ፣ ከላሜራ የታጠፉ ማገሮች አሉ። በጦርነት ዘመኑ ጂፕ ላይ በእነዚህ ማገሮች ውስጥ እንጨት ገብቶባቸዋል። እንጨቱ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቆያል፤ ላሜራውም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከላይ ስታዩት ወለሉ ደህና ነው፤ ቀለሙም ያምራል። ከሥር ገብታችሁ ማገሩን በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ስታደርጉት ካቻቢቴው ይገባል፤ እርጥብ ቡናማ ዱቄት ይፈሳል። ከመግዛታችሁ በፊት በዚህ ማገር ርዝመት ሁሉ ካቻቢቴውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩን አስፈቅዱት፤ የሚከለክላችሁ ከሆነ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው ቦታ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ነው። የጦሩ ጂፕ 57 ሊትር ገደማ የሚይዘው የነዳጅ ታንክ እዚያ ጎድጎድ ባለ ገንዳ ውስጥ ተቀምጧል። ጭቃና ውሃ በታንኩና በገንዳው መካከል ገብቶ መውጫ ያጣል። ሦስተኛው ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ያሉት የመሣሪያ ሳጥኖች ናቸው። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በጎኖቹ ላይ አሳልፉት፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ላይ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ እንጂ ብረት አይደለም። ትንሽ ስቱኮ ኃጢአት አይደለም። ጎኑን በሙሉ የሸፈነ ስቱኮ ግን ቦዲ የለም ማለት ነው።

ሻንሲውን ደግሞ ስንጥቅ ፈልጉበት። የመሪው ሳጥን በግራው እጅ ላይ የሚታሰርበት ቦታ፣ ባሌስትራዎቹ የሚንጠለጠሉበት ቦታ፣ ከኋላ መጎተቻው የተያዘበት ማገር፤ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ተጎትቶባቸዋል። የሻንሲውን ማዕዘኖች በሰያፍ፣ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ፣ በገመድ ለኩ፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልመጡ ሻንሲው ተጣሟል። የተጣመመ ሻንሲ ይቃናል፤ ነገር ግን ይህ ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

የሞተሩን ነገር አሳጥሬ ልለፈው። ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ብሎኩ በቫልቭ መቀመጫው አካባቢ ሊሰነጠቅ ስለሚችል መጠርጠር ደግ ነው። በአራቱ ሲሊንደሮች የግፊት መጠን ለኩ፤ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። ከሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ካምቢዮ የቆየ ሕመም ነው፤ ይጠገናል። ተጣብቆ የቀረ ሞተርም እንዳያስፈራችሁ። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ዘልቆ የሚገባ ዘይት በየሲሊንደሩ አፍስሱና ለቀናት ተዉት። ከዚያ ከፊት በማኖቬላ ቀስ ብላችሁ ወዲያና ወዲህ አወዛውዙት። በሞተሪኖ አትሞክሩ፤ በመኪና እየጎተታችሁም አታስገድዱት። እጅ የማይሰማውን መሣሪያ ይሰብረዋል።

እንግዲህ ገዛችሁ እንበል። ሁላችንም የምናውቀው ፈተና የሚመጣው በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ሁሉን ነገር ፈታትቶ ከባዶ የመጀመር ምኞት። እኔ እስካየሁት ድረስ አሮጌ ጂፖች የሚሞቱት ሜዳ ላይ ሳይሆን ካርቶን ውስጥ ነው። መኪናው በአንድ ሳምንት መጨረሻ ይፈታል፤ ከዚያ ኑሮ ይመጣል፤ ካርቶኖቹ ይቀራሉ። ከዓመታት በኋላ የትኛው ብሎን የየትኛው እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ዕቃው በኪሎ ይሸጣል። ስለዚህ የምመክረው ሥርዓት ይህ ነው፤ መጀመሪያ እንዲቆም አድርጉት፣ ቀጥሎ እንዲሄድ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲያምር። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ጂፑ በጎማው የቆመ መኪና ሆኖ ይቆይ። አንድን ክፍል ፈታችሁ፣ አድሳችሁ፣ ገጥማችሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

እንዲቆም አድርጉት ያልኩት ፍሬኑን ነው። የእነዚህ ጂፖች የፍሬን ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት በቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሲሊንደር ከውስጥ ተበልቶ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ቱቦዎቹን፣ ጎማ ማያያዣዎቹን፣ ሲሊንደሮቹን ሁሉ በአዲስ ቀይሩ፤ እዚህ ላይ ኦሪጅናል ዕቃ ማክበር ቦታ የለውም። ታምቡሩን ስትከፍቱ የምታገኙትን አቧራ በአየር አትንፉት። አሮጌው የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ አንሡት፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ጎማ ስትፈቱ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛው፣ በግራ በኩል ያሉት የጎማ ዳዶዎች የሚፈቱት ወደ ተቃራኒው ዙር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ኃይል እየጨመረ ብሎኑን ይበጥሰዋል። ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ የጦር ጂፖች ቸርኬያቸው ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች በዙሪያው በተደረደሩ ብሎኖች ተያይዘዋል። እነዚያ ብሎኖች ጎማው አየር እንደ ያዘ ከተፈቱ በውስጡ ያለው ግፊት የብረቱን ግማሽ ፊታችሁ ላይ ይወረውረዋል። ስለዚህ የአየሩን ቫልቭ ውስጡን አውጡ፣ አየሩ ሁሉ መውጣቱን በእጃችሁ ተጫኑና አረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ እነዚያ ብሎኖች እጃችሁን ስደዱ። ጎማ የሚሠራላችሁ ሰው እነዚህን ቸርኬዎች አይቶ የማያውቅ ከሆነ ራሳችሁ አጠገቡ ቁሙና ንገሩት።

ስለ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ የሚከስሰው ነገር አለ። የጦርነት ዘመኑ ጂፕና የመጀመሪያዎቹ ሲቪሎች በ6 ቮልት ነው የሚሠሩት። ሞተሪኖው ሲያዘግም «6 ቮልት ደካማ ነው» ይባልና ሁሉ ነገር ወደ 12 ይለወጣል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቮልቱ በግማሽ ሲያንስ ያንኑ ጉልበት ለማግኘት በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ መሆን አለበት። እጥፍ ኤሌክትሪክ ደግሞ ወፍራም ገመድ ይፈልጋል። በመካከሉ አንድ ሰው የ12 ቮልት መኪና ቀጭን ገመድ ካሰረበት፣ ወይም ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደው ማያያዣ በቀለምና በዝገት ላይ ከታሰረ፣ ሞተሪኖው ድርሻው አይደርሰውም። ወፍራም ገመድ ግዙ፣ ማያያዣው የሚያርፍበትን ቦታ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ፈግፍጉ፣ ከሞተር ወደ ሻንሲም አንድ ገመድ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ 6 ቮልት እንዴት እንደሚያስነሣ ታያላችሁ። ፋብሪካው ያወጣውን ነገር ከመለወጣችሁ በፊት ፋብሪካው ባወጣበት ሁኔታ ላይ መልሳችሁ ፈትኑት።

አሁን ንግግሬ ስሙን ወደ ወሰደበት ወደ ቀለሙ ደረስኩ። በአሸዋ መርጫ ማሽን ቦዲውን በአንድ ቀን ነጭ ብረት ማድረግ ይቻላል። ከማድረጋችሁ በፊት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት። የጦር ጂፕ ኮፋኖ በሁለቱም ጎን የምዝገባ ቁጥሩ ተጽፎበት ነበር፤ የጂፕ ቁጥሮች የሚጀምሩት በ20 ነው። ከጦሩ ሲወጣ ቁጥሩ በሌላ ቀለም ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም። የኮፋኖውን ጎን በውሃ አርጥባችሁ፣ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ በእጅ፣ በቀላሉ፣ በክብ አሹት። መጀመሪያ የመጨረሻው ባለቤት ቀለም ይሳሳል፤ ቀይ ሊሆን ይችላል፣ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ግራጫ የመሠረት ቀለም ይመጣል። ከዚያ ደብዛዛው የወይራ አረንጓዴ። እዚህ ላይ እጃችሁን አቅልሉ፤ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ለውጡ። የቁጥሩ ቀለም ከአረንጓዴው ትንሽ ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ በመጀመሪያ የሚወጣው የፊደሉ ጠርዝ ነው። በቀደሙት ዓመታት ቁጥሩ የተጻፈው በደብዛዛ ሰማያዊ፣ በኋላ በነጭ ነው፤ አንዳንዴ ነጩ ከሰማያዊው በላይ ተደርቦ ይገኛል። አንድ 2 ከታያችሁ በኋላ ዜሮው ቅርብ ነው። ሲወጣ ፎቶ አንሡ፣ በሚያሳይ ወረቀት ላይ ገልብጡት፣ የፊደሎቹን ቁመትና ከኮፋኖው ጠርዝ ያላቸውን ርቀት ጻፉ። በደረቅ አትፈግፍጉ፤ አሮጌ ቀለም እርሳስ ይኖርበታልና አቧራው ሳንባ መግባት የለበትም።

በሲቪል ጂፕ ላይም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሲ ጄ 2 ኤዎች የወጡት በሁለት ዓይነት ቀለም ብቻ ነበር። አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ቸርኬው ቢጫ ነበር፤ ሌላው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ቸርኬው ቀይ ነበር። ሰዎች እነዚህን ጂፖች በወታደር ቀለም ሲቀቧቸው አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። ጦር ሜዳ ያልሄደን መኪና የጦር ሜዳ ልብስ ማልበስ የራሱን ታሪክ መንፈግ ነው። የዚህን መኪና የመጀመሪያ ቀለም ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከመብራቶቹ ክፈፍ ሥር፣ ከቸርኬው ውስጠኛ ፊት ታገኙታላችሁ። የጦሩን ደግሞ በሚያብለጨልጭ ቀለም አትቀቡት፤ የመጀመሪያው ደብዛዛ የሆነው ከአውሮፕላን እንዳይታይ ነው።

አንዳንዴ ትክክለኛው እድሳት አለመቀባት ነው። የመጀመሪያው ቀለም ከግማሽ በላይ ካለ፣ ዝገቱን አስቁሙ፣ ዘይት ቀቡት፣ ተዉት። በዓለም ላይ በደንብ የታደሰ ጂፕ ሞልቷል፤ ያልተነካ ጂፕ ግን በየዓመቱ እያነሰ ነው የሚሄደው።

ለውጥ ሁሉ ክልክል ነው እያልኩ አይደለም። በዛሬ መንገድ ላይ ለምትነዱት መኪና ባለ ሁለት መስመር የፍሬን ፓምፕ፣ የመቀመጫ ቀበቶና የመታጠፊያ መብራት ብታክሉ ደግፌአችሁ ነው። የምለምናችሁ አዲስ ቀዳዳ እንዳትበሱ ነው። በነበረው ብሎን ላይ የሚታሰር ነገር ነገ ይፈታል፤ የተቆረጠ ላሜራ ግን ተቆርጦ ይቀራል። ቦዲው ፈጽሞ ከጠፋ ደግሞ በፊሊፒንስ የሚሠራ አዲስ የብረት ቦዲ ይገኛል። ግዙት፣ በእርሱም አትፈሩ፤ ነገር ግን ሻንሲውና ቁጥሩ የመጀመሪያው መሆኑን፣ ቦዲው አዲስ መሆኑን በሰነዳችሁ ጻፉ።

ሲያልቅ እንዴት እንደሚነዳ ማወቅም ከእድሳቱ ይቆጠራል። አንደኛ ማርሽ የሚገባው መኪናው ቆሞ ነው። የፊት አክስሉን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ማንሻ በደረቅ አስፋልት ላይ አታስገቡት፤ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ልዩነቱን የሚያስተካክል ምንም ነገር ስለሌለ በኩርባ ላይ ማርሾቹ እርስ በርስ ይታገላሉ፤ ማንሻውም አልወጣም ብሎ ይታሰራል። በጭቃና በአሸዋ ላይ ግን ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ትግሉ ይበርዳል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስትደርሱ ሞተሩ ራሱ ይበቃኛል ይላችኋል፤ ስሙት።

የመጨረሻው ነገር መዝገብ ነው። ከመኪናው የወጣውን ዕቃ፣ የተሰበረውንም ቢሆን፣ በወረቀት ላይ ስሙንና የነበረበትን ቦታ ጽፋችሁ አስራችሁ አስቀምጡ። ያገኛችሁትን ቁጥር፣ የቀለሙን ቅደም ተከተል፣ የትኛው ክፍል የፎርድ፣ የትኛው የዊሊስ እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ለወጣችሁና ለምን እንደ ለወጣችሁ በደብተር ያዙ። ፎቶዎቹን አትሙና ከደብተሩ ጋር አኑሯቸው። ጂፑ አንድ ቀን ከእናንተ ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍ ደብተሩና ካርቶኑ አብረውት ይሂዱ፤ የሚቀጥለው ሰው እኛ ከሻንሲ ላይ በባትሪ መብራት የፈለግነውን ነገር በግልጽ ተጽፎ እንዲያገኘው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ፣ በተለይ ሊገዛ ያሰበው ጂፕ ፎቶ በስልኩ የያዘ ሰው ካለ፣ ወደዚህ ይምጣና አብረን እንየው።